ስድስት እግር ጓሳ

ደብዳቤው የመጣው ከአዲስ አበባ ነበር። የአገሩን ዕፅዋት ከየአካባቢው ሰብስቦ የሚያኖር ብሔራዊ የዕፅዋት ቦታ የደጋ ክፍል ሊያዘጋጅ ነውና ከመንዝ አራት ነገር ላኩልን ይላል፦ ጅብራ፣ ጦስኝ፣ አስታና ጓሳ። መሐል ሜዳ በነበረው ግብርና ቢሯችን ዕፅዋት የተማርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ «ይቺ ያንቺ ናት» አለኝ። ለምሳ ሳልወጣ መልሱን ጽፌ አስፈረምኩ። አራቱንም በሁለት ወር ውስጥ እናደርሳለን፣ አትጠራጠሩ ብዬ። አለቃዬ «አትጠራጠሩ» የምትለዋን ሊሰርዛት እስክሪብቶውን አንሥቶ ነበር፤ ተከራክሬ አስተውኩት።

እንዲህ ነበርኩ። አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም። ከደብራችን ኮሌጅ ጨርሳ የተመለሰች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ሳልጠየቅ የምናገር ሰው ነኝ። አንድ ነገር አይቻልም ሲሉኝ፣ ባዩ ሳይሞክረው የቀረ ነገር አለ ብዬ ነው የማስበው። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ሆኜ ተገኝቻለሁ። ጓሳው ላይ ነው ያልሆንኩት።

ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ከመሐል ሜዳ በላይ፣ ነፋሱ ጋቢ የሚገፍበት ሰፊ ደጋ አለ፤ እዚያ ላይ የሚበቅለው ረጅም ሣር ጓሳ ይባላል፣ ቦታውም በሱ ተጠርቶ ቀርቷል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ክረምት ሲሆን የሚለበሰው ገሳም የሚሠራው ከሱ ነው። ግን ማንም ደስ ባለው ቀን ማጭዱን ይዞ አይገባም። ሣሩ ሦስትና አራት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ከብት አይሰማራበትም፣ አንዲት ዘለላ አይቆረጥበትም። ከዚያ በበጋው ይከፈትና እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያጭዳል። ሐምሌ አምስት፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ መልሶ ይዘጋል። ይህንን የሚዘጋውና የሚከፍተው ሕዝብ የመረጠው ሽማግሌ ነው፤ አባ ቄራ ይሉታል። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሽማግሌዎቹ ኮሚቴ የሚል ስም ሰጥተው መልሰው አቆሙት። በወረቀት ሊቀ መንበር ይባላል፣ በሰው አፍ ግን ያው አባ ቄራ ነው።

የኛ ደብር አባ ቄራ አባቴ ነበሩ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ በቤቱ የቀረነው ሁለታችን ነን። እኔ ሥራ ቀን መሐል ሜዳ በተከራየሁት ክፍል አድራለሁ፣ ቅዳሜ ወደ ላይ እወጣለሁ። ያን ቅዳሜ ደጅ ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ ገመድ እየገመዱ አገኘኋቸው። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ራሳቸው ማንበብ ይችላሉ፤ የቄስ ተማሪ ነበሩ። ግን እንዳነብላቸው ደስ ይላቸዋል።

«ጅብራውን ውሰጂ» አሉ። «ጦስኙንም ውሰጂ፣ አስታውንም። ጓሳ ግን አይሆንም።»

«ስድስት እግር ብቻ እኮ ነው፣ አባባ።»

«ጓሳ ይታጨዳል እንጂ ይነቀላል እንዴ? ደግሞስ ዝግ ነው። ዝግ ሲሆን ለቤተ ክርስቲያን ክዳንም አናጭድ።»

«አገር እኮ ነው የጠየቀን!»

«ይጠይቅ። መጠየቁ ደግ ነው። ጠያቂ ማለት እንቢ ሲሉት የሚመለስ ነው።» ይህን ብለው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ተናደድኩ። ከዚያ ሁሉ ሜዳ ስድስት እግር ቢነሣ ማን ያውቀዋል? እሳቸው ደንብ ያውቃሉ፣ እኔ ሥር አውቃለሁ፤ ሥሩ ከነአፈሩ በጥንቃቄ ከተነሣ እንደማይሞት ተምሬያለሁ። መልሱን ጽፌ አስፈርሜያለሁ። «አትጠራጠሩ» ብያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ማለዳ፣ የቢሮውን መኪና ይዤ ወጣሁ። ሾፌሩ ብርዱን ፈርቶ ከመኪናው አልወረደም። ጅብራውን፣ ጦስኙንና አስታውን ተፈቅዶልኛልና በእርጋታ አነሣሁ። ከዚያ ዶማዬን ይዤ ከመንገዱ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄድኩ። ጓሳ እልኸኛ ነው፤ ሥሩ መሬቱን ጥርስ እንደ ነከሰ ነው የሚይዘው። ስድስቱን ለመንቀል ጀርባዬ ተቆረጠ። አንድ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ቆይቶ፣ ከአንድ ጉብታ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ሂድ ብዬ አፈር ወረወርኩበት፤ ሁለት እርምጃ ራቅ አለና መልሶ ቆመ። ጉድጓዶቹን ልደፍናቸው አስቤ ነበር፤ ሾፌሩ ጡሩንባውን ሲያስጮህ ተውኳቸውና ሄድኩ። እያንዳንዱ ጉድጓድ እንስራ የሚያስቀምጥ ነበር።

አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች እንደ ሙሽራ ተቀበሉኝ። የደጋውን ክፍል የሚመራው ወጣት ባለሙያ አፈሩን እያሸተተ «መንዝ፣ መንዝ ይላል!» አለ። ጓሳውን በገዛ እጄ ተከልኩት። ከፊቱም በእንጨት ላይ «ጓሳ፣ ከመንዝ የመጣ» የሚል ጽሑፍ አቆሙለት። ደስታዬን አልደብቅም፤ በዚያ ቀን ከኔ በላይ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤት ስገባ አባቴ ከወትሮው ቀደም ብለው ወጥተው ነበር። ረፋድ ላይ ጫማቸው ጤዛ ጠጥቶ፣ በትራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ።

«ጃርት ገብቶብናል» አሉኝ።

«የምን ጃርት?»

«ስድስት ቦታ ቆፍሮብናል። ከነሥሩ ነው ያነሣው። የጃርት ጉልበት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

በሶ እየበጠበጥኩ ነበር። ቀና አላልኩም። «ጃርት የጓሳ ሥር ይበላል እንዴ?» አልኩ።

«ሲርበው ምን የማይበላ አለ!»

ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል አባቴ ጃርት ሲያድኑ ከረሙ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ውርጭ፣ ማለዳ እየተነሡ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዞራሉ። ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ እያንዳንዱ አባወራ በአቅራቢያው ያለውን የጃርት ዋሻ እንዲመለከት አዘዙ። ሰዎች ጭድ አጭሰው ከዋሻ ሊያስወጡ ሞከሩ። አንድም ጃርት አልተገኘም። አባቴ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ «ብልኅ ነው» ይሉ ነበር።

ልናገር አስቤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ስንት ጊዜ ዋጥኩት። ፈርቼ ነው ብል ራሴን ማቆነጃጀት ይሆናል። ዕውነቱ፣ መናዘዝ አላስፈለገኝም ብዬ ነው። ዕቅድ ነበረኝ። ጓሳው አዲስ አበባ ላይ ይለመልማል፤ አባቴ ሄደው ያዩታል፤ ስሙ ተጽፎበት፣ ሕዝብ እየመጣ ሲያየው ያገኙታል። ከዚያ ቁጣው በምርቃት ያልቃል። የአባቴን ምርቃት እፈልግ ነበር፤ ከኮሌጁ ወረቀት ይበልጥ እሱን ነበር የምፈልገው። እንዲህ ብዬ ለዕፅዋቱ ቦታ ጻፍኩ፦ የደጋውን ክፍል የመንዝ ሽማግሌዎች መጥተው ቢመርቁት መልካም ነው። እነሱም ተደስተው ሦስት ሽማግሌ ጋበዙ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ደብዳቤዬ።

ሣሩ ከተተከለ ዓመት ሲሞላው ሄድን። አባቴ፣ የደብሩ መሪጌታና አንድ ባና ሠሪ ሽማግሌ። ባና ሠሪው በሱፍ ብርድ ልብሱም በቀልዱም የታወቀ ነው፤ ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃን አውቶቡሱን ሙሉ ሲያስቅ ሄደ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ የምለውን እለማመድ ነበር። «አባባ፣ ያዩታል? ይሄ ሁሉ ሰው ስለ እኛ ሣር እየጠየቀ ነው።» ደጋግሜ ስለው በጣም ያምርብኝ ነበር።

በር ላይ ጠባቂው ፈተሸን። ከአባቴ ጋቢ ሥር ለመንገድ የያዙት ማጭድ ወጣ።

«አባቴ፣ ማጭድ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለ ጠባቂው። «እዚህ ግቢ አንዲት ቅጠል አትቆረጥም።»

ደነገጥኩ። አባቴ ግን ፊታቸው በራ። ማጭዱን በሁለት እጃቸው አድርገው ሰጡትና «እንዲህ ነው ጠባቂ!» አሉ። «ሽማግሌ ነው፣ እንግዳ ነው አላልክም። ተባረክ።» ወደ ውስጥ ስንሄድም ሁለት ጊዜ ዞረው አዩት።

ቦታው ሰፊ ነበር። እያንዳንዱ ዛፍ ፊት ስሙ በአማርኛና በላቲን ተጽፏል፤ አባቴ አንዱንም ሳይዘሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ወይራ። ዝግባ። እንዶድ። ኮሶ ጋ ስንደርስ ባና ሠሪው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ «ይሄን ጌታ በደንብ ነው የማውቀው» አለ። «ስንት ጊዜ ጠጥቼው ሞቼ ተነሥቻለሁ!» ወጣቱ ባለሙያ ሳቁን መያዝ አቃተው። አንድ ያረጀ ጥድ ሥር ስንደርስ መሪጌታው ግንዱን ተሳለሙት። ለምን እንደሆነ ወጣቱ ቢጠይቃቸው «ጥድ ካለ ደጀ ሰላም አለ፣ ልጄ፤ እንዲያው እጄ ለመደ» አሉት። ወደ ጫካው ገባ ስንል ደግሞ አንዲት ሚዳቋ ከቁጥቋጦ ብቅ ብላ ቀጥ ብላ ቆመች። ሁላችንም ቀጥ አልን።

«አይዞሽ» አሏት አባቴ በለሆሳስ። «ማንም አይነካሽም። ማጭዴን ተቀብለውኛል።»

እንዲህ ሲሳቅ ሲሳቅ ከደጋው ክፍል ደረስን። እኔ ከጉጉት የተነሣ ከሁሉም ፊት እሄድ ነበር። ጅብራው እንደ መንዙ ባይሆንም ቆሟል። ጦስኙ ተንሰራፍቷል። ከሱ ቀጥሎ ጓሳዬ ነበር፤ ወገቤ ድረስ የደረሰ፣ ነፋሱ የሚያወዛውዘው። አባቴ ወደ እንጨቱ ጎንበስ ብለው እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ጓሳ። ከመንዝ የመጣ።»

ከዚያ ቁጢጥ ብለው ሣሩን በእጃቸው ገለጥ እያደረጉ ሥር ሥሩን ተመለከቱ። መቁጠር ሲጀምሩ ነው የገባኝ።

«አንድ። ሁለት። ሦስት።» እያንዳንዱን በመዳፋቸው ይነኩታል። «አራት። አምስት። ስድስት።»

«ስድስት?» አለ ባና ሠሪው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። መሪጌታው ወደ እኔ ዞሩ። ወጣቱ ባለሙያ ምንም አያውቅም፤ ደስ ብሎት «ልጅዎ እኮ ናት ያመጣችልን፣ አባቴ!» አለ። «ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፤ አንዲት ሥር ሳትጎዳ!»

«ከነሥሩ» አሉ አባቴ።

በአውቶቡስ የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። አባቴ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። አልጮሁም።

«ጃርቷ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«አንድ ወር ሙሉ።»

«አዎ፣ አባባ።»

ሣሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ለካ ጃርቷን ያሳደግኳት እኔው ነኝ» አሉ። ባና ሠሪው ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሊስቅ ነው ሊያለቅስ አላወቅሁም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወጣቱ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። «አባቴ፣ ካዘኑብን ይመለስ። አሁኑኑ እናነሣዋለን» አለ።

«የለም፣ የለም። ሁለቴ የተነቀለ ጓሳ አይይዝም። እናንተ ጠየቃችሁ፣ አደራ ተቀበላችሁ፤ ጥፋት የለባችሁም። እዚህ ከያዘ እዚህ ይኑር።» ከዚያ እጁን ይዘው ወደ ሣሩ አስጠጉት። «ግን ተመልከት፤ ከሥሩ ያለው አሮጌው ገለባ አዲሱን እያነቀው ነው። ሦስት ዓመት ዝጉት። ከዚያ በበጋው ክፈቱና አንድ ጊዜ እጨዱት። ክረምት ሲመጣ መልሳችሁ ዝጉት። ሁልጊዜ ዝግ ከሆነም ይሞታል፣ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነም ይሞታል።» ወጣቱ ደብተሩን አውጥቶ ሁሉንም ጻፈው። መሪጌታው ቦታውን መረቁ። ስንወጣ ጠባቂው ማጭዱን መለሰላቸው፤ አባቴ እሱንም ደግመው መረቁት። ከኔ በቀር ያልተመረቀ አልነበረም።

ስንመለስ ደብረ ብርሃን ላይ ከአውቶቡሱ ወረድን። እዚያ ሻይ ስንጠጣ የለመድኩት ልቤ ተመለሰልኝ። ጥፋቴን አውቄያለሁ፤ ከደንቡም አልሸሽም። ዝግ ጓሳ የነካ ሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጓሳው ሲከፈትም ድርሻውን ያጣል። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን።

«እሑድ ድንጋዩን እሸከማለሁ» አልኳቸው። «የሁሉንም ዓይን እችላለሁ። ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ይወቁ።»

አባቴ ሻያቸውን እፍ አሉበት። «ማን ይሰጥሻል?» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ለመጠየቅም ኮራሁ።

እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተሰበሰበ። አባ ቄራ የሚቀመጡበት ድንጋይ አለ። አባቴ ወደዚያ አልሄዱም፤ ከሕዝቡ መሐል ቆሙና «ዛሬ ወንበሩ ለመሪጌታ ነው፤ እኔ ባለጉዳይ ነኝ» አሉ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፦ ደብዳቤውን፣ እንቢ ማለታቸውን፣ ስድስቱን ጉድጓድ፣ አዲስ አበባ ላይ ያዩትን። አላጋነኑም፣ አልሸፈኑም። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደፊት ወጣሁ። የቅጣቱ ድንጋይ ከግንዱ ሥር ተቀምጧል፤ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል፣ ብዙ ሰው ተሸክሞት ለስልሷል። ጎንበስ ስል ባና ሠሪው እግሩን ከድንጋዩ ፊት አኖረ።

«ላንቺ አይደለም፣ ልጄ።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

«ደንቡ ሰው አያውቅም። ቤት ነው የሚያውቀው።» ድምፁ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ከየትኛው ቤት ወጣሽ? የቤቱ አባወራ ማነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ደንብ ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልጅ ከብት ለቆ ሲገኝ፣ ሚስት ስታጭድ ስትያዝ፣ ድንጋዩን የሚሸከመው ሁልጊዜ አባወራው ነበር። አይቼዋለሁ። ለኔ ግን እንዲያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ኮሌጅ የጨረስኩ፣ የራሴ ደመወዝ ያለኝ፣ ለራሴ የምናገር ሰው ነኝ ብዬ ነው የቆየሁት። ወደ መሪጌታው ዞሬ ለመንኳቸው። መሪጌታው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገሩን ከሥሩ ስናየው፣ ጥፋቱ የቤቱ ነው» አሉ።

አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ስንት ዓመት ሌላውን ሲያሸክሙ የኖሩ ሰው፣ ድንጋዩን በትከሻቸው ላይ አወጡት። በሕዝቡ ፊት ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ቀና አሉና «ደግሞም» አሉ፣ «ጃርትን ያለ ጥፋቱ ከስሼዋለሁ፤ በጭስም አሳድጄዋለሁ። በሱም ይቅር በሉኝ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እየሳቁ ያለቀሱም ነበሩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እኔ ጋቢውን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም፣ እንደዚያ ቀንም በአባቴ የኮራሁበት የለም። ሁለቱ አብረው እንደሚመጡ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

አባቴ አባ ቄራነቱንም ልተው ብለው ነበር። ሕዝቡ አልተቀበላቸውም፤ «በራሱ ቤት ያልደበቀ በኛም ቤት አይደብቅም» አሏቸው። በሚቀጥለው የካቲት ጓሳው ሲከፈት ቀኑን ያወጁት እሳቸው ናቸው። ሰዉ ማጭዱንና ገመዱን ይዞ፣ አህያውን እየነዳ በዘፈን ወጣ። አባቴ በትራቸውን ተደግፈው ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ድርሻ አካፈሉ። የሳቸው ማጭድ ቤት፣ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ለደጃችን አንዲት ነዶ አልመጣችም።

ክዳናችን ግን ያረጀ ነበር። ያ ክረምት ደግሞ ጨካኝ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ጣሪያው በአራት ቦታ ያፈስ ጀመር። አንዱ ከአባቴ መደብ በላይ ነው።

«ቆርቆሮ ልግዛ» አልኳቸው። «ደመወዜ ይበቃል። በአንድ ሳምንት ይመታል።»

«ታዲያ ቅጣቱ ምኑ ላይ ሊሆን ነው?» አሉኝ። መደባቸውን ራቅ አድርገው አነጠፉ፣ ከሚያፈሰው ሥር ጣሳ አስቀመጡ። ቀጥሎ ጓሳው እስኪከፈት ገና ስንት ክረምት አለ። አልተከራከርኩም። መከራከር የማላውቅ ሰው ስላልሆንኩ ይህ ለኔ ቀላል አልነበረም፤ ግን አልተከራከርኩም።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ ከግሼ በኩል የመጣ የበግ ነጋዴ ዝናብ አስገድዶት ቤታችን ገባ። አባቴን በስም ያውቃቸዋል፤ የጓሳውን አባ ቄራ የማያውቅ የለም። እሳት ዳር አስቀመጡት፣ ጠላ ቀዳሁለት። ሰውየው ልብሱን እያደረቀ ሳለ አንዲት ጠብታ ከጣሪያው ወርዳ አንገቱ ላይ ዐረፈች። ቀና ብሎ ክዳኑን አየ፣ የተደረደሩትን ጣሳዎች አየ።

«አባ ቄራ» አለ፣ «የጓሳ ጌታ ሆነው ቤትዎ ያፈሳል?»

የሞላውን ጣሳ ደጅ ልደፋው ይዤ እየተነሣሁ ነበር። ባለሁበት ቆምኩ። አባቴ እንዴት ይመልሱታል? ልጄ ሰርቃ ይሉታል? ወይስ ዝም ይላሉ?

«ያፈሳል» አሉ አባቴ፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ። «የኔ ድርሻ አዲስ አበባ ነው የበቀለው።»

«አዲስ አበባ?»

«አዎ፣ አዲስ አበባ። የአገሩ ዕፅዋት ሁሉ የተሰበሰበበት ቦታ አለ፤ ጥሩ ጠባቂ አለው። ስድስት እግር ነው። ወገብ ይደርሳል። ከመንዝ መምጣቱ ከፊቱ ተጽፏል፤ ልጄ ናት በእጇ የተከለችው። በግ ልትሸጥ ስትወርድ ጎራ ብለህ እየው።» ከዚያ ወደ ሰውየው ጠጋ አሉና ጣታቸውን አነሡ።

«እንዳትነካው ግን። ዝግ ነው።»